«ትንሽ ጠብቂ» ያልኩ ዕለት

እኔ የምለው፣ እናንተ ሰፈር ነቢይ አለ? የእምነቱን ማለቴ አይደለም፤ እሱን ለባለቤቶቹ እንተወው። እኔ የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ነቢይ ነው። የኛ ሰፈር አንድ አለ። ስሙን አልጠራውም፤ እኛ ግን «ናኖ» ነው የምንለው። ኮምፒውተር ይጠግናል። እጁ የተባረከ ነው። ሞቷል ከተባለ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሰው የሠርግ ፎቶ መልሶ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ የሚጀምረው ማኪያቶ ይዞ ሲቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ስላለው ኮምፒውተር ማውራት ያንገሸግሸዋል። ወሬው ሁሉ ስለሚመጣው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ተዉት! በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣውን አልሰሙም?»

አልሰማሁም። ከየት ልስማ? እሱ ግን ሰምቷል። ከፋብሪካ አምልጦ የወጣ ወሬ፣ አንድ የማይታወቅ ሰው የለካው ውጤት፣ ከታይዋን የመጣ ሹክሹክታ፣ ሁሉም እሱ ጋ ይደርሳል። «ኢንቴል አሁን አበቃለት!» ይላል ሰኞ ዕለት። ሐሙስ ደግሞ «ኢንቴል የደበቀው ነገር አለ፣ ኤኤምዲን ሊያስለቅሰው ነው» ይላል። «ቲኤስኤምሲ ሁለት ናኖሜትር ገባ» ያለ ቀን፣ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ማን ቤት ነው የገባው?» ብለው ደንግጠው ጠይቀዋል። ከአርሰናልና ከማንቸስተር ክርክር የሚለየው ነገር ቢኖር ኳሱ በየሳምንቱ ውጤት ስላለው ነው። የናኖ ጨዋታ ግን ሁልጊዜ «ሊጀመር ነው» እንጂ ሲያልቅ አላየሁም።

ይህን ሁሉ እየሳቅሁ ነበር የምሰማው። አንድ ቀን ግን ነገሩ ቤቴ ገባ። ያን የምነግራችሁ ናኖን ለመክሰስ አይደለም፤ ተከሳሹ ሌላ ነው፤ ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ። ደግሞ የነገሩ ዋና ተዋንያን ፈረንጆች ስለሆኑ ዓመቶቹን በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ።

ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። የእህቴ ልጅ እቁብ ወጣላት። አንድ ኮሌጅ አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። በግንቦትና በሰኔ ተማሪው ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን ታቅፎ ይመጣባታል፤ የዓመቱን ኪራይ የምትሸፍነው በነዚያ ሁለት ወራት ነው። የነበራት ኮምፒውተር ግን ከተማሪው ብሶ ነበር። ሃምሳ ገጽ ሲከፈትበት ይደርቃል። ማስተካከያ ሲጠየቅ ያስባል። ሲያስብ ተማሪው ሰዓቱን ያያል፣ ከዚያ ጎረቤት ይሄዳል። እናም ብሯን ይዛ እኔ ጋ መጣች።

«አጎቴ፣ አንተ ሰው ታውቃለህ። ምን ልግዛ?»

እኔም ሰው ስለማውቅ ናኖን ጠየቅሁላት። ናኖም ማኪያቶውን አስቀምጦ ሊቅ ሊቅ የሚሸት ሐተታ ሰጠኝ። የኤኤምዲ አዲሱ ራይዘን በፈረንጆች ሐምሌ መጨረሻ ይወጣል። ኢንቴል ደግሞ በመኸር «አሮው ሌክ» የሚባለውን ያመጣል። አዲሶቹ ሲመጡ የነባሮቹ ዋጋ ይወርዳል። «አሁን የሚገዛ ሰው ሞኝ ነው፣ ጋሼ።»

ሞኝ መባልን ማን ይወዳል? ሄድኩና ለልጅቷ «ትንሽ ጠብቂ» አልኳት። እኔ የፕሮሰሰርን ነገር የማውቀው ዶሮ ጥሬን የምታውቀውን ያህል እንኳ አይደለም። ግን አጎት ነኝ፤ «አላውቅም» ማለት ከበደኝ። ልጅቷም አክባሪ ናት፤ ጠበቀች።

አሁን የሆነውን ስሙኝማ። ሰኔ በዚያው በሚደርቀው ኮምፒውተር አለፈ፤ ተማሪውም ጎረቤት ሄደ። ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የኮምፒውተር ነጋዴ እኮ የሚያስበው በዶላር ነው። የነባሮቹ ዋጋ ይወርዳል የተባለው ምናልባት በፈረንጅ አገር ወርዶ ይሆናል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ደረጃ ወጥቶ ነው የደረሰው። የእቁቡ ብር ያንኑ ያህል ነው፤ የሚገዛው ዕቃ ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ናኖ ስለ ምንዛሪው ምን ያውቃል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እሱ የቺፕ ነቢይ እንጂ የባንክ አይደለም። እሺ፣ በራሱ ሜዳ እንለካው። የራይዘኑ አዲስ ትውልድ ከተባለበት ቀን ተገፍቶ ነሐሴ 2024 ውስጥ ወጣ፤ ይሄ ይሁን፣ ትንሽ መዘግየት ነው። የኢንቴል ግን ጉድ ነው። ዋጋቸው ሲወርድ እንገዛቸዋለን ከተባሉት ነባሮቹ ውስጥ 13ኛውና 14ኛው ትውልድ ኃይለኞቹ ፕሮሰሰሮች ሥራ መሐል ይዘጋሉ፣ ይንተባተባሉ የሚል እሮሮ በዝቶ፣ ሐምሌ 2024 ላይ ኩባንያው ራሱ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አመነ፤ የዋስትናውንም ጊዜ በሁለት ዓመት አራዘመ። በነሐሴ መጀመሪያ ከ15 ሺህ በላይ ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። አሮው ሌክም ጥቅምት 2024 ደረሰ። ኤሌክትሪክ መቆጠብ ችሎ ነበር፤ በብዙ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ላይ ግን ከታላቅ ወንድሙ አንሶ ተገኘ። ሠሪዎቹም ነገሩ እንዳሰቡት እንዳልሄደ በአደባባይ ተናገሩ።

ከሁሉም የገረመኝን ልንገራችሁ። ናኖ ኢንቴልና ቲኤስኤምሲ እንደ ሁለት ጦር ሠራዊት እየተፋለሙ ነው ሲለን አልነበር? የአሮው ሌክ ዋናው አካል፣ ሒሳቡን የሚሠራው ክፍል፣ የተሠራው የት ይመስላችኋል? እዚያው ታይዋን፣ ቲኤስኤምሲ ፋብሪካ ውስጥ! ኢንቴል የተወሰነውን በራሱ «20ኤ» በተባለ ዘዴ ሊሠራ አስቦ ነበር፤ መስከረም 2024 ላይ ያንን ትቶ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ቀጣዩ «18ኤ» አዞረ። ጠላት ነው የተባለው ወጥ ሠርቶ፣ ሌላው በራሱ ሳህን አቀረበው ማለት ነው። እኛ ደግሞ ካፌ ቁጭ ብለን ለሳህኑ እናጨበጭባለን።

ይሄ የአንድ ዓመት አጋጣሚ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ወደ ኋላ ብትሄዱም ያው ነው። እድሜው የፈቀደ «ፔንቲየም ፎር» የሚባለውን ያስታውሳል። በ2000 ሲወጣ የዚያ ዘር ፕሮሰሰር አንድ ቀን 10 ጊጋኸርዝ ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ ያን ያለው ካፌ የተቀመጠ ሰው ሳይሆን የኢንቴል የራሱ ሰዎች ናቸው። ፍጥነቱ ሲጨመር ግን ሙቀቱ ምጣድ ሆነ። ተተኪው ይሆናል የተባለው «ቴሃስ» ግንቦት 2004 ገና ሳይወለድ ተሰረዘ። ለ4 ጊጋኸርዝ የተገባው ቃልም በዚያው ዓመት ጥቅምት ተሻረ። በዚያ ሰሞን የኩባንያው መሪ ክሬግ ባሬት በአንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ፣ ሕዝብ እያየ፣ ለዚህ ነገር ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። በቀልድ ነው፤ ቢሆንም ተንበረከኩ። ይችን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የ10 ናኖሜትሩ ታሪክ ደግሞ አለላችሁ። በ2016 ገደማ ይጠበቅ የነበረው የኢንቴል ዘዴ በብዛት ገበያ የገባው በ2019 ነው። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሮቹማ ከ2015 እስከ 2021 በዚያችው በ14 ናኖሜትር ላይ ተጣብቀው ቀሩ። በየዓመቱ «ዘንድሮ ነው» ይባል ነበር። የቤት መሥሪያ ማኅበር ስብሰባ ላይ እንደሚባለው።

ኤኤምዲንም እዩት። በ2011 «ቡልዶዘር» የሚል ፕሮሰሰር አወጣ። ወሬው ገና ከመውጣቱ በፊት ኢንቴልን የሚደረምስ አስመስሎት ነበር። የደረመሰው ግን የራሱን ቤት ነው። በ2015 የኩባንያው አክሲዮን ከ2 ዶላር በታች ሲሸጥ ነቢያቱ በአንድ ድምፅ ቀበሩት። ፍትሐቱን ሁሉ ጨርሰው ነበር። ከጥቅምት 2014 ጀምሮ የምትመራው ሊዛ ሱ የምትባል መሐንዲስ ግን ከቀብሩ ይልቅ ሥራ ላይ ነበረች። በመጋቢት 2017 የመጀመሪያው ራይዘን ወጣና ለቀስተኛው ሁሉ ነጠላውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያኔ ቀባሪ የነበሩት እኮ አሁን «እኔ ድሮም ብዬ ነበር» ይላሉ። የትንቢት ጥሩ ነገሩ ደረሰኝ የለውም፤ ማንም ማንንም «የት አለ ያልከው?» አይልም።

እንግዲህ ትንቢት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ፍርድ እንዳላጓድል። የዚህ ሙያ ትልቁ ሰው ራሱ ተንባይ ነበር። ጎርደን ሙር በ1965 ኢንቴል ገና ሳይመሠረት በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ ጽፎ፣ በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ለአሥር ዓመት ይቀጥላል አለ። አሥሩ ዓመት አለፈ። በ1975 ተመልሶ መጣና ከእንግዲህ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በየሁለት ዓመቱ ነው የሚሆነው ብሎ የራሱን ቃል አረመ። አያችሁ ልዩነቱን? ቁጥር ተናገረ፣ ቀን ቆረጠ፣ ቀኑ ሲደርስ ሒሳቡን ይዞ ቀረበ። ይሄ ትንቢት ሳይሆን ኃላፊነት ነው። የኛ ናኖና የባሕር ማዶ መሰሎቹ ግን «ጉድ ሊመጣ ነው» ይላሉ፤ መቼ፣ በስንት፣ ለማን የሚለውን ይተዉታል። ጉዱ ባይመጣ ሌላ ጉድ አለ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በቁጥሩ ላይ ነው። «ሦስት ናኖሜትር»፣ «ሁለት ናኖሜትር» ሲባል አንድ ነገር በማስመሪያ ተለክቶ ሦስት ወይም ሁለት የሆነ ይመስላል አይደል? እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ድሮ እውነትም ልኬት ነበር። አሁን ግን የማዕረግ ስም ሆኗል። በሦስት ናኖሜትሩ ቺፕ ላይ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት የትራንዚስተር በሮች መሐል ያለው ርቀት ከ40 ናኖሜትር በላይ ነው። «ሻምበል» የሚባል ሰው ሁሉ ሻለቃ ሥር ያለ መኮንን እንዳይደለ፣ አንዳንዱ እናቱ ያወጡለት ስም እንደሆነው ማለት ነው። ኢንቴል በሐምሌ 2021 ይህን አይቶ ስሙን ቀየረ፤ 10 ናኖሜትር ይባል የነበረውን የተሻሻለ ዘዴ «ኢንቴል 7» አለው። ኩባንያው እንደሚለው የተፎካካሪዎቹ ስም ከሱ ጋር በአንድ ሚዛን ስለማይሄድ ነው፤ ትንሽ እውነትም አለው። የገረመኝ ግን ካፌው ነው። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ኢንቴል ሦስት ናኖሜትር የቀነሰ ያህል አወራ። የቀነሰው ሰሌዳው ላይ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ከሁሉም ያሳዝነኛል። በዚህ ሁሉ የ«ማን ያሸንፋል» ጫጫታ ውስጥ ሥራው ጠፋ። ሥራው እኮ ከወሬው ይበልጣል! አንዴ ጠጋ ብዬ ባነብ ግማሽ ቀን ቡናዬን ረስቼ ቀረሁ። ቺፕ የሚሠራበት የሲሊከን ዝርግ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የእንጀራን ግማሽ ያህል በሉት። ያ ዝርግ ፋብሪካ ገብቶ እስኪወጣ ወራት ይፈጅበታል፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ እርከኖች ያልፋል። አንዷ የአቧራ ቅንጣት ብታርፍበት ያረፈችበት ቺፕ ሊበላሽ ይችላል። ረቂቁን ሥዕል የሚያትመው መሣሪያ ደግሞ ተአምር ነው። በዓለም ላይ የሚሠራው አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ ኤኤስኤምኤል ይባላል፣ ሆላንድ ነው ያለው። መሣሪያው ውስጥ የቀለጠ ቆርቆሮ በጠብታ ይረጫል፤ በሰከንድ 50 ሺህ ጠብታ። እያንዳንዷ ጠብታ በጨረር ተመትታ ስትነድ ዓይን የማያየው፣ 13.5 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ትሰጣለች። ያን ብርሃን ተራ አየር ስለሚውጠው ሥራው ሁሉ አየር በሌለበት ነው። መስታወቱን የሚሠሩት ጀርመኖች ናቸው። የአንዱ መሣሪያ ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ አዲሱ ትልቁ ደግሞ ከዚያ እጥፍ ያልፋል።

ይህን ሁሉ ገዝተህ ብትደረድረውም ገና አልጋገርክም። እናቶቻችን ምጣድ ሲያሟሹ የመጀመሪያው እንጀራ አይን እንደማያወጣላቸው፣ አዲስ ዘዴ ሲጀመርም ከአንዱ ዝርግ ላይ የሚጣለው ቺፕ ብዙ ነው። ትርፍና ኪሳራን የሚለየው ከመቶው ስንቱ ደህና ወጣ የሚለው ነው። ኢንቴልን ያን ሁሉ ዓመት 10 ናኖሜትር ላይ የያዘውም ይኸው ነበር፤ ሊጡ አለ፣ ምጣዱ አለ፣ እንጀራው ግን አልወጣ አለ። ይህን ደግሞ የሚያውቀው ምጣዱ አጠገብ የቆመው ብቻ ነው፤ እሱም አይናገርም። ውጭ ሆኖ ጭሱን አይቶ «ዛሬ እንጀራው ሠላሳ ዓይና ነው» የሚል ሰው ምን ትሉታላችሁ? እኛ ሊቅ ነው የምንለው።

ውድድሩም ቢሆን እንደ ቦክስ አይደለም። ሞሪስ ቻንግ በ1987 ቲኤስኤምሲን ታይዋን ውስጥ ሲመሠርት እድሜው 55 ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የራሴን ቺፕ አልሸጥም፣ የሌላውን እሠራለሁ። እንደ ወፍጮ ቤት በሉት። ጤፉ የናንተ ነው፤ እሱ ይፈጫል፤ የፈጨበትን ይቀበላል። ኤኤምዲ በ2009 የራሱን ፋብሪካዎች ለብቻ አውጥቶ ከአቡዳቢ ገንዘብ ጋር «ግሎባልፋውንድሪስ» የሚባለው ተመሠረተ። ያም ኩባንያ በነሐሴ 2018 የ7 ናኖሜትሩን ሩጫ አቁሞ ወጣ። ኤኤምዲም ጤፉን ተሸክሞ ወደ ታይዋኑ ወፍጮ ሄደ። ብዙዎቹ ሄዱ። ዛሬ በዓለም እጅግ ረቂቅ የሆኑት ቺፖች አብዛኛው የሚፈጩት በዚያች ደሴት ላይ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 2024 ታይዋን በርዕደ መሬት ስትናወጥ የፋብሪካ ሠራተኞች ለጥንቃቄ ከየቦታቸው ወጥተው ነበር፤ ብዙው ሥራ ቶሎ ተመለሰ። ለአፍታ ግን ስልኩ፣ መኪናው፣ ሆስፒታሉ፣ ባንኩ፣ ሁሉም በአንድ ምሰሶ ላይ እንደቆመ ዓለም አየ። አሜሪካ በ2022 ለቺፕ ኢንዱስትሪ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ የመደበችው፣ በነሐሴ 2025ም መንግሥቷ የኢንቴልን 10 ከመቶ ያህል ድርሻ ለመያዝ የተስማማው ለዚህ ነው። «ማን ይፈጥናል» ከሚለው ይልቅ «ወፍጮው ቢቆም ምን እንበላለን» የሚለው ነው የመንግሥታቱ ጥያቄ። ናኖ ግን እስካሁን ስለ ወፍጮው አንስቶልኝ አያውቅም። ስለ ዱቄቱ ቅላት ብቻ!

አንድ ቀን ይህን ሁሉ ነገርኩት። ተቆጣ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ማንንም አልዋሸሁም። ያነበብኩትን ነው ያልኩት። ደግሞ እኛ ከዚህ ሌላ ምን አለን? መሣሪያው በኛ እጅ አይደለም፣ ፋብሪካው በኛ አገር አይደለም። ቢያንስ ወሬው ይድረሰን እንጂ!»

ይህን ሲል ዝም አልኩ። እውነት አለውና። ይሄ ልጅ ሌላ ቦታ ቢወለድ ኖሮ ያን የቆርቆሮ ጠብታ ከሚያነዱት አንዱ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ከሩቅ ሆኖ የሚወደውን ነገር በወሬ ነው የሚነካው። ፍቅሩን አልነቅፍም። የምነቅፈው የሚመጣውን ሲጠብቅ ያለውን መናቁን ነው። ያ ንቀት ደግሞ ከሱ ይልቅ የሚጎዳው ሌላውን ነው፤ ደሀውን፣ ጠብቅ ሲባል የሚጠብቀውን።

ምክንያቱም ለኛ ሰው ጥያቄው ሌላ ነበር። የእህቴ ልጅ የምትጽፈው አማርኛ ነው፤ ለዚያ ሁለት ናኖሜትር አያስፈልጋትም፤ የዘጠኝ ዓመት ፕሮሰሰርም ይበቃታል። መጠየቅ የነበረብኝ እንዲህ ነው፦ ያገለገለ ኮምፒውተር ብትገዛ ራሙ ስንት ነው? ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ተቀይሯል? መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ዩፒኤስ አለ? ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው? ይሄ የመጨረሻው ለወሬ አይደለም። ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ወገን በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። የማያውቅ ሰው ላይ 7ኛውን በ8ኛው ዋጋ የሚጭን ነጋዴ አይጠፋም። ሥራዋን የሚያስቆመው ይህ ነበር። ናኖ ደግሞ ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቃል! አልጠየቅሁትም እንጂ። እኔ የጠየቅሁት «ምን ሊመጣ ነው?» ብዬ ነው። ለጥያቄዬ ነው የመለሰልኝ።

ተከሳሹን አሁን ሳታውቁት አልቀራችሁም።

ልጅቷ በመጨረሻ ገዛች፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከእኔ ተበድራ፣ ግንቦት ላይ ካየችው ያነሰ ኮምፒውተር ከዚያ በበለጠ ዋጋ። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ይሄ ነው የከበደኝ። ብትወቅሰኝ ስለ ምንዛሪው አወራ ነበር፣ ስለ ኢንቴል አወራ ነበር፣ የማመካኛ ዘር መች ይጠፋል። ዝም ስትል ግን ያ በጉባኤ ፊት የተንበረከኩት ሰውዬ ትዝ ይሉኛል። የዚያን ያህል ኩባንያ የሚመሩ ሰው ለቀረ ፍጥነት በቀልድም ቢሆን ከተንበረከኩ፣ እኔ ለቀረ ሰኔ ምን ያንሰኛል?

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በእጄ ጽፌ ሌላ ቦታ አላስተየብኩትም፤ እሷ ጋ ወሰድኩት። ተቀበለችኝና መጻፍ ጀመረች። ፈጣን ናት። የእቁቡ ነገር የተጻፈበት ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«አጎቴ፣ ይቺ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ። ሳላውቅ ጠብቂ ብዬሽ አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም፣ ወደ ጽሑፉ ተመለሰች። ኮምፒውተሩ አንዴም አልደረቀም። ሲያልቅ ገጹን ቆጠረች፣ ሒሳቡን ነገረችኝ። እንደ ወትሮው ለአጎት ትቀንሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልቀነሰችም። ሙሉውን ከፍዬ ወጣሁ።